የሃምሳ ደቂቃ በረራና አንድ ቬሎ

ለክቡር የአገር ውስጥ በረራ መርሐ ግብር ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለእጅ ሰዓትዎም ምሕረትን እመኛለሁ። እኔ የሴቶች ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ያገባችው የእህቴ ልጅ የምትለብሰውን ቬሎ በእጄ ሰፍቼ፣ ይዤላት ለመሄድ በጠዋቱ በረራ ትኬት ቆርጬ ነበር። ትኬቱ ላይ ርቀቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ መሆኑ በደማቁ ተጽፏል። አውሮፕላን የሚፈራው ባለቤቴ በዚያው ማለዳ አውቶቡስ ሲሳፈር፣ «አንተ ተንገላታ፤ እኔ ቀድሜህ እገኛለሁ» ብዬ ስቄበታለሁ። ስለሆነም የሚከተለውን ምስጋና በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ስላሳረፉን። ቀበቶ ካሰርን በኋላ ሳንነሳ ብዙ በመቀመጣችን፣ ሃምሳው ደቂቃ ተጀምሮ እንደሆነ አስተናጋጇን ብጠይቃት፣ «እማማ፣ የበረራ ጊዜ የሚቆጠረው ከመሬት ስንነሳ ነው» ብላ በትሕትና አስረድታኛለች። ጊዜ እንደ ታክሲ ቆሞ ሰው እንደሚጠብቅ እስከዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር።

2ኛ. ስላስጎበኙን። መድረሻችን በጭጋግ በመሸፈኑ ከላይ ዞረን ዞረን፣ ትኬቴ ላይ ስሟ ያልተጻፈ ከተማ አርፈናል። ጭጋጉን በእርስዎ አላሳብብም፤ ጭጋጉ ቢያንስ «አሁን እንነሳለን» እያለ አላታለለንም። ይህን ሲሉ የዋሉት ሠራተኞችዎ ናቸው።

3ኛ. ለሙያዬ ስላበረከቱት አዲስ ዘዴ። ማረፊያ አዳራሹ ውስጥ ቬሎውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጅራቱን ደግሞ አጠገቤ የነበሩት የሲሚንቶ ነጋዴ ጉልበታቸው ላይ ይዘውልኝ ሳለ ባለቤቴ ደወለ። ደርሶ፣ ታጥቦ፣ ልብሱንም ቀይሯል። ቀጥላ ስልኩን የተቀበለችው ሙሽራዋ ነበረች።

«አክስቴ፣ እንግዶቹ ገብተዋል። የጎረቤታችንን ቬሎ ልልበስ?»

«ልበሺው የኔ ልጅ» አልኳት። «ወገቡ ከሰፋሽ ከውስጥ በመርፌ ቁልፍ ያዢው፤ ከፊት እንዳይታይ።»

እንዲህ ሌላ ሰው የሰፋውን ቬሎ በስልክ አስተካከልኩ። ነጋዴው ጅራቱን አቧራ እንዳይነካው ከፍ አድርገው ያዙት።

4ኛ. ስለ ትክክለኛነትዎ። አመሻሽ ላይ ስናርፍ አብራሪው የመጨረሻዋን በረራ ብቻ ቆጥሮ፣ ከታሰበው ጊዜ ቀድመን መድረሳችንን በኩራት አብስሮናል። ጥቂት ሰዎች አጨብጭበዋል። እኔ እጄ ባዶ ስላልነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሰርጉ አዳራሽ ስደርስ ወንበሮቹ ተደራርበው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሙሽራዋ የኔን ቬሎ ለብሳ፣ ደረቷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ለቁርስ ቀረበች። ባሏ ሳቀ፤ እህቴም ሳቀች። እኔ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ ጫፉን አየሁ፤ የሚታረም ነገር አጣሁበት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ለዚህ የሚሆን ካሳ እንዳለ የደንበኞች አገልግሎታችሁን ጠይቄ፣ ካሳ ያለው ዕቃው ለጠፋበት ብቻ እንደሆነ ተነግሮኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቬሎው አልጠፋም።

በቀረው ዕድሜዬ ሁሉ ከመሬት ሳልነሳ የማከብርዎ፣
የሙሽራዋ አክስት፣ የሴቶች ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ በመጪው ወር በዚያችው ከተማ የሰዓት አክባሪነት ሽልማት ሊቀበሉ እንደሚሄዱ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በአውሮፕላን ከሆነ የሚሄዱት፣ ዛሬውኑ ቢነሱ ይሻላል።