ወንድሜን ለእናቴ ስላስተዋወቃችሁልን

ለተከበሩ የ«ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የእናትዎን ደኅንነት በተለይ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የእኔዋ እናት ከስልኳ ፊት መነሣት ከተወች ሦስተኛ ሳምንቷ ስለሆነ የሰው እናት ያሳስበኛል።

ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ለተማሪዎቹ ቀልደኛ፣ ለእናታችን ዝምተኛ፣ በእናንተ ማኅበራዊ መረብ ላይ ደግሞ «ማጣሪያ ቢስ» የሚባል ሰው። በዚህ ስም፣ ኩላሊቶቹ መሥራት እንዳቆሙና በሳምንት ሁለት ቀን ደሙ በማሽን እንደሚታጠብ ለማያውቁት ሰዎች እያሳቀ ይጽፍ ነበር። እናታችን ግን ማክሰኞና ዓርብ የሩቅ ጉዞ እንዳለው ብቻ ነበር የምታውቀው። ምስጢሩን ከቤተሰቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሲሞትም «በድንገት ልቡ ቆመ» ብዬ ዋሸኋት። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ስልክ ቁጥሩን ከእናቴ ስልክ አመሳክራችሁ «ይህን ሰው ሳያውቁት አይቀሩም» በማለት ገጹን ስላሳያችኋት አመሰግናለሁ። አልተሳሳታችሁም፤ የወለደችው እሷ ናት።

፪. የሁለት ዓመት ጽሑፉን መነጽሯን አድርጋ፣ ፊደል እየቆጠረች በአራት ቀን ጨረሰችው። «እማዬ ካወቀች ከእኔ ቀድማ ትሞታለች» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምታናግረው እሱን ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ መርፌው ያምህ ነበር ወይ? ምነው እኔን ይዘኸኝ ብትሄድ?» እያለች ትጽፍለታለች።

፫. በሕይወቱ ሳለ ያዘጋጀውን «መልእክትዎ ደርሶኛል፤ ሲመቸኝ እመልሳለሁ» የሚል ምላሽ፣ በጻፈች ቁጥር ሳትሰለቹ ስለምታደርሱላት አመሰግናለሁ። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ «እስኪመቸው እየጠበቅሁ ነው» ትለዋለች።

ገጹ እንዲዘጋ ባመለክት መሥሪያ ቤትዎ «ባለቤቱ ራሱ ያረጋግጥ» ብሎ የምስጢር ቁጥር ወደ ወንድሜ ስልክ ላከ። ስልኩ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ጮኸ። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል እየሮጠች መጥታ «እሱ ነው?» አለችኝ። ከስንት ቀን በኋላ ስላናገረችኝ፣ «አይደለም» ማለቱን ትቼ ስልኩን ሰጠኋት። ቁጥሩን አይታ ነገሩ ሲገባት፣ «ብታጠፊው ሁለተኛ ገደልሽው» አለች። ቁጥሩን ሳላስገባው ጊዜው አለፈ፤ ገጹም እንዳለ አለ።

ገመናን መክደን የአምላክ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል፤ መግለጡን እናንተ ስለተረከባችሁልን እጅ እነሣለሁ።

ምንም ከማይሸሽግ አክብሮት ጋር፣
የማጣሪያ ቢስ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔም በሌላ ስም የምጽፍበት ገጽ በቅርቡ ከፍቻለሁ። ለእናቴ የምታሳዩበትን ቀን አስቀድመው ቢያስታውቁኝ፣ ከእናንተ በፊት ራሴ እነግራት ነበር። ሐኪሙ፣ በሽታው በዘር የሚወርድ ነው ብሎኛል።