ቧንቧው ከእናንተ፣ ማያያዣው ከጎረቤት

ለተከበሩ የሕንፃ ዕቃዎች መደብር የሰው ሀብት ሥራ አመራር ኃላፊ፣
ቢሮዎ ድረስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ከዚያ ከሚሽከረከር ወንበር ላይ ሰው ሲመዝኑ መዋል ቀላል አይደለምና ብርታቱን ይስጥልኝ እያልኩ፣ ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን ሲቆጠቁጠው የሰነበተ አንድ ወንጀል እናዘዛለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ታላቅ እህቴን ለቃለ መጠይቅ አጅቤ ስመጣ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ከረሜላ ያለ ፈቃድ አንስቻለሁ። አንዱ የእኔ ነበር። ሌላውን ያስቀመጥኩት ለእህቴ ነበር፤ ከቢሮዎ ስትወጣ ግን ፊቷ ከረሜላ የሚያስበላ ስላልነበረ እሱንም እኔው በላሁት። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም የሚጠይቁት ይቅርታ ስላለዎት ከዚህ በታች በቁጥር አስፍሬልዎታለሁ።

1. የቢሮዎ በር መቀርቀሪያ አይይዝም። የሕንፃ ዕቃ ለሚሸጥ ድርጅት ይህ ትንሽ ያሳፍራል፤ እኔን ግን ጠቅሞኛል፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቻለሁና። እህቴ የተወዳደረችው ለሽያጭ ክፍል ኃላፊነት ነው። እርስዎ ዲግሪዋን ገለጥ አድርገው ያቀረቡላት የመጀመሪያው የሙያ ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ማኔጅመንት? ምነው ልጄ፣ ነጥብሽ ለኢንጂነሪንግ አልደርስ አለ?» ለመረጃዎ ያህል፣ ደርሷል፤ ተርፏልም። ይህንን እማራለሁ ብላ የመረጠችው ራሷ ናት። የወደደውን የሚማር ሰው አጋጥሞዎት ስለማያውቅ ግራ ቢገባዎ አልፈርድብዎትም።

2. ቀጥለው «ለመሸጥ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ባለሱቁ ሁሉ የት ተማረ?» አሉ። ከጎንዎ የተቀመጡት ሽማግሌም እየሳቁ «ማኔጅመንት ያልተማረ ማን አለ፣ የእኔ ሾፌር እንኳ ተምሯል» ሲሉ አገዙዎት። እኔ የምለው ጌታዬ፣ በርዎ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው «የሰው ሀብት ሥራ አመራር» አይደል እንዴ? እህቴ እኮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የበርዎን ጽሑፍ ግማሽ ነው። ትምህርቱ ከንቱ ከሆነ ቀለሙን ማስፋቅ ነዋ!

3. ቦታውን ለአንድ ኢንጂነር ሰጡት። በሰውየው ቅሬታ የለኝም፤ ድልድይ ሲሠራ የኖረ ጨዋ ሰው ነው። ደንበኛ «ዋጋ ቀንስልን» ባለው ቁጥር እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ይደፋ ነበር አሉ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ድልድዩ ተመለሰ። እናንተም ያንኑ ማስታወቂያ እዚያው ሰሌዳ ላይ መልሳችሁ ለጠፋችሁት፤ «ኢንጂነር ቢሆን ይመረጣል» የምትለዋ መስመር ብቻ ደመቅ ብላለች።

4. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጢር ነው። እህቴ ከቃለ መጠይቁ በፊት መደብራችሁ ውስጥ እንደ ገዢ እየዞረች ስትመለከት ሰንብታ ነበር። ቧንቧ ሠራተኞች ቧንቧውን ከእናንተ ገዝተው ማያያዣውን ለምን ከጎረቤት ሱቅ እንደሚገዙ ደርሳበታለች፤ መላውንም ታውቃለች። የመጣችው ይህንኑ ልትነግርዎ ነበር። አልጠየቋትም። እኔም እዚህ አልጽፈውም፤ በነፃ የሚገኘው ከረሜላ ብቻ ነው።

5. ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሸንጎ ሆኗል። አክስቴ «እኔስ ነርስ ሁኚ ብዬ ነበር» ትላለች፤ መርፌ ስታይ ራሷን የምትስተው ግን አክስቴው ናት። አባቴ «ዝቅ ብሎ መጀመር ነው» ይላል፤ እሱ ዝቅ ብሎ ከጀመረ ወዲህ ቀና ሲል አላየሁትም። እህቴም ሰለቻትና፣ እናንተው ዘንድ ለገንዘብ ተቀባይነት ልትወዳደር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዋን ብቻ ፖስታ ውስጥ ከታ፣ ዲግሪዋን ቁም ሳጥን ውስጥ አንሶላ ሥር ቀበረችው። ነገ ጠዋት ልታስገባ ነው። ሰው ተምሮ ያልተማረ ለመምሰል ሲለፋ አይተው ያውቃሉ? እኔ በእርስዎ ቸርነት አየሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ሥራውን ይስጧት አልልም። ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ ይጠይቋት። መልሷ ካልጣመዎ ያሰናብቷት፤ ለምን ይህን ተማርሽ ብለው ግን አንገቷን አያስደፏት፤ እሷ የምታፍርበት ነገር የላትም።

ለዋሉልን ውለታ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንደተሽከረከረ፣ መቀርቀሪያዎም ለሚቀጥለው ሰሚ ሲባል እንደተበላሸ እንዲያቆይልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ እነሳለሁ።

ያልተጠየቀችው ተወዳዳሪ ታናሽ እህት፣
ቤተሰቡ «ቁንጫ» የሚላት (ትንሽ ናት ብሎ የናቃት እንቅልፍ የለውም)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤
ከረሜላውን ሳነሳ አይታ እንዳላየች ላለፈችው እንግዳ ተቀባይ

ሳልረሳው፦ ዲግሪውን ከአንሶላው ሥር አውጥቼ፣ እህቴ ሳታይ ፖስታው ውስጥ መልሼዋለሁ። ደግሞ ያ ማያያዣ የሚሸጠው ጎረቤታችሁም ዛሬ ማስታወቂያ ለጥፏል። በእጁ ነው የጻፈው፤ «ንግድ የተማረ ይምጣ» ይላል። ይህን ለእህቴ ገና አልነገርኳትም፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ይድረስ ብዬ ነው እንጂ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ቁንጫ! አንቺ ቁንጫ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። እህቴ ናት። በትከሻዬ አሻግራ እስከዚህ ድረስ አንብባለች። ፖስታው በእጇ ነው፤ ከፍታዋለች፤ ዲግሪውን ግን አላወጣችውም። የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ «እስክሪብቶውን አምጪ፤ ፖስታው ላይ የምቀይረው አድራሻ አለኝ።»