አራት ዓመት ያደረ መርዶ

ዓርብ፣ ኅዳር 5፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ገበያው ተበተነ። ጨው ጥሩ ሄደ፣ አቡጀዲ ቀዝቅዟል። አንድ አህያ ነጂ እግሩን በአህያይቱ ተረግጦ መጣ። ጥፍሩ ተነስቷል። በፈላ ውሃና በጨው አጠብሁለት፣ በአቡጀዲ ቁራጭ አሰርሁለት። ከጦሩ ከወጣሁ ወዲህ ድሬሰርነቴ ይህችው ናት። ጥርሱን ነክሶ፣ «ሐኪም፣ ረጋጭዋንም እያት፤ እሷም ደንግጣለች» አለኝ። ሱቁ ሁሉ ሳቀ። እኔም።

ከዚያ ወ/ሮ ውድነሽ ገቡ። ደብተሬ፣ ስለ እሳቸው ጽፌብህ አላውቅም።

የስማዳ ሴት ናቸው፤ ባልቴት። በየዓርቡ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው አርብ ገበያ ይመጣሉ። ጨው ይገዛሉ፣ ከዚያ የአንድ ልጃቸውን የአያሌውን ወሬ ይጠይቁኛል። ኮሪያ አብሮኝ ዘምቷል። በየዓርቡ «አልሰማሁም» እላለሁ። ጨዋቸውን ከሚዛን በላይ አደርጋለሁ።

ዛሬ ጥያቄያቸው ሌላ ነው። የሚያርሱበትን በሬ ሸጠዋል። ከሚካኤል ማግስት ንጋት ላይ ለአዲስ አበባ ይነሳሉ፤ ብቻቸውን። እስከ ደብረ ታቦር በእግር፣ ከዚያ በተገኘው መኪና። ልጃቸውን ሊፈልጉ።

«ሆስፒታል ተኝቷል ያልኸኝ አንተ ነህ» አሉ። «የሆስፒታሉን ስም በወረቀት ጻፍና በስማዳ ሰው ላክልኝ። ለሚያነብ አሳያለሁ።»

እሺ አልሁ።

እንዲህ ያለ ሆስፒታል የለም። አያሌው ሞቷል። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ጧት

ጥፋቴን ልጻፍ። ሌላ የምነግረው የለኝም።

ከዘመቻ ስመለስ መጀመሪያ የሄድሁት እሳቸው ቤት ነው። መንግሥት ወረቀት ልኮ ከሆነ የት እንደቀረ አላውቅም፤ አልደረሳቸውም። ስደርስ ቀኑ ኅዳር ሚካኤል። ለልጃቸው ተስለው ደግሰዋል። ግቢው ሙሉ ሰው። ቄሱ ጠላውን እየባረኩ። ወ/ሮ ውድነሽ እኔን ሲያዩ እልል አሉ፤ መለዮዬን ሳሙ። የት አለ? አሉኝ።

መርዶ ለብቻ አይነገርም። በድግስ፣ በታቦት ቀን አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ ነው። ስለዚህ ደህና ነው፣ ቆስሎ ሆስፒታል ቀርቷል አልሁ። በማግስቱ ሽማግሌ ይዤ ልመለስ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወረቀት ቆረጥሁ። ብዕር ነከርሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚለው አላለፍሁም።

ባለቤቴ ስንዱ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። ነገርኋት። «ነጋዴ አይደለህ? ዛሬ ያልወጣውን ነገ እሸጠዋለሁ እያልህ አራት ሚካኤል አሳለፍህ» አለች። ማታ ራት አላቀረበችልኝም። አልፈረድሁባትም።

አሰብሁት። ብነግር ይረግሙኛል፤ የስማዳ ሰው ከሱቄ ይቀራል። ባልነግር አሮጊቷ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ቢደርሱም በማያውቁት ከተማ ከደጅ ደጅ ይንከራተታሉ። የሚመዛዘን ነገር አይደለም። ወረቀቱን ቀደድሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ስማዳ

በቅሎ ጭኜ ወረድሁ። የወ/ሮ ውድነሽ ነፍስ አባት አባ ሀብቴ ናቸው፤ ያን ቀን ጠላውን የባረኩት። ሁሉንም ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙ። እስከ ዛሬ ፍትሐት አልተፈታለትም፣ ተዝካር አልወጣለትም፤ እናቲቱ በየወሩ በስሙ ስለት ታስገባለች፤ ይህን ታውቃለህ? አሉኝ።

«ሐኪም ሳለህ ቁስል እንዲያመረቅዝ ትተዋለህ?»

በሚካኤል ዕለት አይሆንም አሉ። በማግስቱ፣ ወ/ሮ ውድነሽ ለመንገድ ሳይነሱ ልንደርስ። ሽማግሌዎቹን አባ ሀብቴ ይጠራሉ። እስከዚያ እሳቸው ቤት ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ እኩለ ቀን

ተነገረ።

ሰባት ነበርን። ወገግ ሲል ደረስን። ወ/ሮ ውድነሽ ቀድመውናል። ስንቅ አዝለው፣ ዘንግ ይዘው ደጅ ቆመዋል። ሰባት ሰው በረድፍ አዩ። «ማንን ልትቀብሩ ነው?» አሉ። አባ ሀብቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ አያሌውን ጌታ ወስዶታል አሉ። ስንቁን ሳያወርዱ መሬት ወደቁ። አቁማዳው ተፈታ፤ በሶው አፈር ላይ ፈሰሰ። ጎረቤት በጩኸቱ ወጣ። ጦር ሜዳ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ አልሰማሁም።

ረፋዱ ላይ አስጠሩኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል።

አብሯችሁ የዘመተ ቄስ ነበር ወይ አሉ። ነበር፣ ጸሎት አድርሶለታል አልሁ። አንተስ የት ነበርህ አሉ።

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። አልዋሸሁም። ሁለት ቁስለኛ፣ አንድ ድሬሰር። አያሌው ሆዱን ተመትቷል። ሌላው ጭኑን፤ ደሙ ይጎርፋል። አያሌው ከኮረብታው ሳይወርድ እንደሚያልቅ አየሁ። ሌላው ቢታሰር ይድናል። አያሌው «የአገሬ ልጅ» ብሎ ጠራኝ። «መጣሁ» አልሁት። ሌላውን አስሬ፣ ተሸክሜ አወረድሁ። ስመለስ አልቋል።

እርግማኑን ጠበቅሁ።

«ያኛውስ ዳነ?»

ድኗል አልሁ።

«የት አገር ሰው ነው?»

የእስቴ፣ የመካነ ኢየሱስ። ታከለ ይባላል። ያነክሳል። ሦስት ልጅ ወልዷል።

ጣታቸውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አጠፉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «ለተዝካሩ ይዘኸው ና» አሉ። «ልጆቹንም። እኔ ቤት ይብሉ።»

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ቤቴ

ነገ ጾም ይገባል። አርባው ታኅሣሥ 22 ይውላል፤ የጾም ወጥ ይሆናል። ሽሮውንና ዘይቱን ከሱቅ አወጣለሁ። ስንዱ ሳልነግራት መለካት ጀምራለች።

ታከለ አያሌውን ትቼ እሱን እንዳነሳሁ አያውቅም። በቅርብ ያገኘሁት እሱን ስለሆነ ያነሳሁት ይመስለዋል። በየዓመቱ ማር ይልክልኛል። ቀምሼው አላውቅም፤ እሸጠዋለሁ።

በቅሎዋ ተቀልባለች። ነገ ጧት ለእስቴ እነሳለሁ። አባ ሀብቴ አብሬህ ልሂድ ብለው ነበር፤ ይቅር አልኋቸው። ይህን ብቻዬን ነው የምነግረው። ለሕያው ሰው ሽማግሌ አያስፈልግም። በሩን አንኳኩቼ፣ ታከለ፣ ያን ቀን አጠገብህ የነበረው ልጅ እናት ለተዝካሩ ከነልጆችህ ጠርተውሃል፤ አንተን ለማዳን እሱን ትቼው ነበር እለዋለሁ።