ከሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ ያለችው የእናቴ ጓሮ

ዛሬ ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ በቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ሦስት ምስክሮች እየሰሙ፣ ጸሐፊ እየጻፈ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ወንድሜ "ትኩሳት ነው ያናገራት" እንዳይል ሐኪሜን ከምስክሮቹ አንዷ አድርጌያታለሁ።

በቅድሚያ የጓሮዋ ነገር ይጻፍ። የጎልፍ ክለቡ ሲመሠረት በዙሪያችን የነበረው እርሻ ሁሉ ተሽጦ ሣር ተዘራበት። እናቴ ብቻ አልሸጠችም። ስለዚህ ሜዳው፣ ኳስ ከሚገባባቸው ጉድጓዶች ሰባተኛው ላይ፣ ጓሯችንን ዞሮ አለፈ። ክለቡም ከዚህ ያለፈ ኳስ ከጨዋታ ውጪ ነው ለማለት በድንበራችን ነጫጭ እንጨቶች ተከለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእኛ ቤት በእግሩ የሄደው እንጨት ነው። ሣሩ በታጨደ ቁጥር እንጨቶቹ ወደ ጎመናችን ጠጋ ይላሉ። እናቴ ነቅላ ትመልሳቸዋለች። እንዲህ ስትመልስ ኖራ ሞተች። ጓሮዋን ለእኔ ያወረሰችኝ ወንድሜ የክለቡ አባል ስለሆነ ነው።

የታሪክ ትምህርት ስላለኝ ክለቡ ለምሥረታ በዓሉ ታሪኩን እንድጽፍ ቀጠረኝ። ያየሁትን ጻፍኩ። ሊቀ መንበሩ አንብቦ፣ "እህቴ፣ ይኼ እኮ የበዓል መጽሐፍ ነው። የጎመን ታሪክ ማን ያነባል?" አለኝ። ስለ ጓሮዋ የጻፍኩት ምዕራፍ ተቆርጦ ወጣ። በቦታው "ክለቡ ከጎረቤቶቹ ጋር በፍቅር ኖሯል" የሚል ገባ፤ ስሜም ሽፋኑ ላይ ታተመ። ያን ዓረፍተ ነገር እኔ አልጻፍኩም። የወጣው ምዕራፍ ይህ ኑዛዜ ይሁን።

ለሊቀ መንበሩ፣ ነቅዬ ያስቀረኋቸውን እንጨቶች ሰጥቻለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ይትከላቸው።

ለወንድሜ፣ ጓሯችን የወደቁትን ኳሶች በሙሉ ከነባልዲያቸው ሰጥቻለሁ። ወራሿ እኔ ነኝ ብሎ፣ እኔ ሳልሞት ጓሮዋን ለክለቡ ሊሸጥ ቃል ገብቷል። አሁን "ተይ እንጂ እህት ዓለም፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ" ይለኛል፤ ይጻፍ። በቁሜ የሸጥከኝ አንተ ነህ፤ እሱም ይጻፍ።

ጓሮዋን ለወንድሜ ሚስት አውርሻለሁ። የግሏ ትሁን፤ ባሏ በባልነቱ አይዘዝባት። ከተኛሁ ወዲህ በመስኮት አያታለሁ። ባሏ ከጎን ባለው ቤታቸው ቁርሱን ሳይጨርስ፣ ጎመኑ መሃል ጎንበስ ብላ እንጨቶቹን ትመልሳለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሻይ ልትቀዳለት ትገባለች። ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ወንድሜ "እሷ? እሷ ደግሞ ምን ታደርግበታለች?" አለ።

ጸሐፊው በሩ አጠገብ የቆመችውን ሚስቱን መቀበሏን ጠየቃት። ባሏን ሳታይ፣ "የዛሬውን እንጨት መልሻለሁ። እቀበላለሁ" አለች።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ምስክሮቹ ሐኪሜ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውና የቀድሞ መምህሬ ፈርመዋል። ወንድሜ ባልዲውን ሳያነሳ ወጥቷል። ሚስቱ አልተከተለችውም።