ለመውለድ የመጣች ቱሪስት

የካቲት 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ኤጄታ
የከተማችን የቱሪዝምና የእንግዳ ቀረጥ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ አምቦ ላሉት ባለቤትዎና ልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእርስዎን ጤና እንኳን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው፤ ደህና መሆንዎን በዓይኔ ስለማይ ተመስገን እላለሁ። እኔ በጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አልጋ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ፋንቱ ደግፌ ነኝ። ሽንት ቤቱ ጓሮ፣ ውሃውም በባልዲ መሆኑን እያወቁ ቤቴን "ሆቴል" ብለው ስለመዘገቡልኝ ዕድሜ ይስጥዎ። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር አይገባውም ሲባል ሰምቻለሁና።

አንደኛ፦ ለልምድ ልውውጥ ባሕር ማዶ ተልከው በሰላም በመመለስዎ ደስ ብሎናል። አዳራሽ ሰብስበው እንዳጫወቱን፣ እዚያ ባሕር ዳር ባለ ሆቴል አርፈው (የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ) ሊወጡ ሲሉ ከአልጋው ሒሳብ ላይ የቱሪስት ቀረጥ የሚባል ነገር ተደምሮ ቢጠብቅዎት እጅግ ተናደው ነበር። አውሮፕላን ላይ ሆነው ሲያስቡት ግን ንዴትዎ ወደ ልማት ተለወጠ። የዚያ አገር ሰዎች በገንዘቡ የባሕሩን ዳርቻ ያጸዱበታል አሉን። እኛ ባሕር የለንም፣ ታዲያ የሚጸዳው ምንድን ነው ብሎ አንድ ሰው ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እግዜር ያሳይዎ፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ ቧንቧው የማይደርቅ አገር ሄደው፣ ከዚያ ሁሉ መርጠው ያመጡልን እርስዎን ያናደደዎትን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ደንብዎ "ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ በከተማዋ የሚያድር ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ቀረጥ ይከፍላል" ይላል። አጭርና ግልጽ በመሆኑ አድናቆቴን እገልጻለሁ። ችግሩ፣ እኔ አልጋ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናው ተበላሽቶበት እንጂ እኛን ወዶ አልነበረም። እኔ ዘንድ የሚያድረው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ፣ በሽተኛ ያስተኛ ቤተሰብ፣ ለዝውውር ደጅ የሚጠና አስተማሪ ነው። እነዚህ ሰዎች ከተማችን ውስጥ የሚጎበኙት የዳኛውን ፊትና የጤና ጣቢያውን ኮሪደር ነው።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈችኝ ቱሪስት ልምጣ። ስሟ ሃዋኒ ይባላል፤ ከዋናው መንገድ ርቆ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ልጇን፣ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲመጡ መንገድ ላይ አጥታዋለች። ስለዚህ ሁለተኛውን ስታረግዝ አማቷ አዴ ወርቂቱ ቀኗ ሳይደርስ ይዘዋት መጥተው እኔ ዘንድ አልጋ ያዙ። የጤና ጣቢያው በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅም እናቶች ሆይ ቀድማችሁ ኑ ይላል፤ የመጡት እሱን አምነው ነው።

ቀረጥ ሰብሳቢዎ ጉተማ መጣና ለምን ጉዳይ እንደመጡ ጠየቀ። አዴ ወርቂቱ "ኑቲ ኬሱማ ሚቲ" አሉት፤ እንግዳ አይደለንም፣ ልጅ እየጠበቅን ነው ማለታቸው ነው። እሱም፣ መቼም ትሑት ሰው ነው፣ ልጅ የሚጠብቅም ሆነ ባሕር ዳር ተኝቶ ፀሐይ የሚጠብቅ በደንቡ ፊት እኩል መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቸው። የአልጋውን ሒሳብ እኔ ተውኩላቸው። ቀረጡን ግን መተው የእኔ ሥልጣን አይደለም። ከአልጋው አንሥቼ ወደ ራሴ መኝታ ቤት ባስገባቸው፣ ጉተማ በነጻ ማደርም ማደር ነው አለኝ፤ ካልተከፈለ ቤቴ እንደሚታሸግም ጨምሮ ነገረኝ። አዴ ወርቂቱ ይህን ሰሙ። ኩሩ ሴት ናቸው፤ በእኛ የተነሣ የሰው ቤት አይዘጋም ብለው፣ እኔ ገበያ በሄድኩበት የምራታቸውን እጅ ይዘው ወደ አገራቸው መንገድ ጀመሩ።

ወይ ጉድ! ምጡ የያዛት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከከተማው መውጫ፣ እርስዎ ባስተከሉት "እንኳን ደህና መጡ" በሚለው ሰሌዳ ሥር ነው። ያሳፈራቸው ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው አዙሮ ሲከንፍ ልጁ አልጠበቀም፣ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ተወለደ። የሃዋኒ ደም ግን አልቆም አለ። ዘንቢሌን መንገድ ላይ ጥዬ ስደርስ፣ አዴ ወርቂቱ የጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እኔው ነኝ ያስወጣኋት፣ እኔው ነኝ የገደልኳት እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት አልነበሩም፤ እኔ ነበርኩ። ፈራሁ፣ አለቀስኩ፣ ክቡርነትዎንም ከነአባትዎ ስም ረገምኩ። እርግማኑን በዚህ ደብዳቤ በአክብሮት አንሥቻለሁ፤ ሃዋኒ ተርፋለችና። ባትተርፍ ኖሮ ይህን ያህል ጨዋ ሆኜ አልጽፍልዎትም ነበር።

አራተኛ ይሁን አምስተኛ፣ ስናደድ ቁጥሩ ጠፋኝ፦ እናትና ልጅ ወደ ግቢዬ በተመለሱ ዕለት ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ አዲስ እንግዳ መጣ፣ አዲስ እንግዳ መጣ እያለ እልል ሲል፣ በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ጉተማ "እንግዳ" የምትለዋን ቃል ሰምቶ ካርኒውን ከኪሱ መዘዘ። ገብቶም ስሙ ማነው፣ ከየት ነው የመጣው ብሎ ጠየቀ። ከየት እንደመጣ የነገረው የለም፤ ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን ሴቶቹ በደንብ ነግረውታል።

እንግዲህ ለምጥ የሚከፈል ቀረጥ በአገራችን ቀድማ ያየች ከተማ ስላደረጉን ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሚጸዳውን ባሕር እስኪያገኙልን ድረስ፣ አንሶላ እያጠበችና ክብርዎን እያሰበች የምትኖር፣ በማዕረግ ባለ ሆቴል፣ በእውነቱ ባለ አልጋ ቤት፣

ፋንቱ ደግፌ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው (ጨርቁን እንዲያወርድ ወይም እርስዎን እንዲያስተምር)
ለባጃጅ ማኅበር (ከምስጋና ጋር)

ረስቼው፦ ደንብዎን ደግሜ ሳነበው ደነገጥኩ። ባለቤትዎና ልጆችዎ አምቦ ናቸው፤ እርስዎ ግን ወደዚህ ከተዛወሩ ጀምሮ የእኔን ሰባት ቁጥር ይዘው፣ በየማለዳው ግቢዬ ውስጥ ቆመው ጥርስዎን ይፍቃሉ። ለካ ከሁሉ የቆዩት ቱሪስታችን እርስዎ ኖረዋል! ሃዋኒ ያን ሁሉ ጊዜ ከግድግዳዎ ወዲያ ነበረች፤ ጉተማም የእሷን በር ሲያንኳኳ የእርስዎን እያለፈ ነበር። አሁን ቅዳሜና እሁድን አምቦ በሄዱበት፣ ሰባት ቁጥር ፀሐይ የሚገባባት ክፍል ስለሆነች አራሷን አስተኝቼባታለሁ። ሻንጣዎን አሰናድቼ በሩ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ፤ መፋቂያዎም ውስጡ አለ። እንዳይቀየሙኝ፣ ምን ላድርግ፣ አዲስ እንግዳ መጣብኝ።