የጥቅምቱ ድንች

ይድረስ ሐዋሳ ላለችው እኅቴ ለቃልኪዳን፦

እንደ ጋይንት ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ዘንድሮ ድንቹን በጥቅምት ተከልነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ውርጭ ይጨርሰዋል» እያለ ሳቀብን። ይሳቅ! እኛ በገብስ ጭድ አልብሰነዋል፤ ከምንጩም ውኃ ጠልፈንለታል። ሌላው ገና መሬቱን ሲያለሰልስ እኛ በየካቲት ቆፍረን ለሁዳዴ ወጥ እንሠራለን።

ሐሳቡ የአባታችን ነው። እርፍ ለሰው የማይሰጡት አባታችን፣ ሁለት ትልም እንዳወጡ በሬዎቹን አቁመው «እንካ፣ አንተ ጨርሰው» አሉኝ። እኔም ቀጥ አድርጌ ጨረስሁት። እሳቸው ከዳር ተቀምጠው ዘሩን ሲመርጡ ዋሉ። አሁን በየማለዳው «በቀለ ወይ?» ይሉኛል፤ ድሮ ስቸኩል የሚቆጡኝ እሳቸው ነበሩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ፊልጶስም በሳምንት ሦስቴ እየመጡ ያጫውቷቸዋል።

ይህን ሁሉ በስልክ ያላወራሁሽ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ፣ እሳቸው እንዳይሰሙኝ ብዬ ነው።

ድንቹ እንደሚያምር አትጠራጠሪ፤ ማሳውን ሳየው ደረቴ ይነፋል። አንቺ ግን እሱ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ለገና ነይ።

እመቤታችን መንገድሽን ታቅናልሽ።

ወንድምሽ እንዳልካቸው