ጠፍር የተጠመጠመበት ጆይስቲክ

ወንድሜ ከድር፣ አፈሩ ይቅለልህና አሰላሙ አለይኩም።

ይድረስህ ብዬ አልጀምርም፤ አንተ ያለህበት ድረስ የሚጭን መኪና መካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ የለም። ቢኖርም ረዳቱ «ሞልቷል» ብሎ ይመልሰኝ ነበር። ብቻ ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ እሸት ደረሰ፤ እኔ ግን ድንግጥ እንዳልኩ አለሁ። ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ያለ ሰው ከአስር ሶላት በፊት ሲቀበር በምን ይታመናል? ወላሂ፣ ከፈንህን እያየሁ እንኳን የሠራሁህን ቀልድ ሁሉ ባንዴ ልትመልስልኝ ነው ብዬ ነበር። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይስቃል እያልኩ አፈሩን ሳየው ቆየሁ። አልተነሳህም። ድሮም ቀልድ አታውቅም።

ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ድንጋጤ ስላገኘኝ ነው። ያንተን ሞት ባይስተካከልም እሱን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ተኝተህም ቢሆን ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። እማ ደህና ናት። ማልቀስ ሲያምራት ሰው እንዳያውቅባት ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች፤ የምንበላው ሁሉ ሽንኩርት ሆኗል። የቸገሩን አባባ ናቸው። ከቀብርህ ወዲህ አፋቸው ተዘጋ። መስጊድ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ በቃ። በሬዎቹን የሚጠምድልን ጎረቤት ነው። «አባባ፣ ምሳ ቀርቧል» ስላቸው ያዩኛል እንጂ አይመልሱም። ታውቀኛለህ፣ ዝም ያለ ሰው አልችልም፤ እንዲቆጡኝ ብዬ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አስቀመጥኩላቸው። እንደተቀያየረ አጥልቀውት ወጡ። በጣም የፈራሁት የዚያን ቀን ነው። እማም ለብቻዋ «ይህ ሰው ልጁን ተከትሎ ሊሄድብኝ ነው» ስትል ሰማኋት።

ጌም ቤትህን መልሼ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ለኳስ ጌሙ ይመጣሉ፤ እንደ ድሮው ይጯጯሃሉ። ያንተ ጥግ፣ የአውሮፕላን ጌሙ ያለበትና «ኤርፖርት» የምትለው፣ ጨርቅ ለብሶ ከርሞ ነበር። «ሙሄ፣ ይሄን አውሮፕላን ክፈትልን እንጂ፤ ወይስ ፈራህ?» እያሉ ቢነዘንዙኝ ገለጥኩት።

ለካ ያንን ሁሉ ዕቃ አንድ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ መዋልህ ሥራ ኖሯል! ለትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን መሪው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ቀንበር ማለት ነው ብለህ አባባን ያሳቅክበት። ለጦር አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጥቁሩ እጀታ፣ ጆይስቲኩ። ለሄሊኮፕተሩ ከወንበሩ ጎን የሚቆመው ረጅሙ ዘንግና የእግር ፔዳሉ። የአንዱን ለሌላው ከሰጡት እንደ አበደ ውሻ ይሽከረከራል። እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን በሩን ብቻ ነው ያየሁት፤ እንግሊዝኛ በመንገድ ቢያገኘኝም ሰላም አይለኝም። ቢሆንም አንዱን እየነቀልኩ፣ አንዱን እየሰካሁ፣ ስክሪኑ ላይ የትኛዋ መስመር ስትነቃነቅ የትኛው እጀታ እንደሆነ እያየሁ ሦስቱን አስነሳኋቸው። በሄሊኮፕተሩ ማሻን አልፌ አምባ መቅደላ አናት ላይ አረፍኩ። ለማረፍ አስቤ አልነበረም፤ ወደቅኩ ማለት ስለሚያሳፍር ነው።

ጉድ የሠራኝ አራተኛው ነው። እጀታው ላይ የቆዳ ጠፍር ጠምጥመህ ለትንሿ የአንበጣ መርጫ አውሮፕላን ያዘጋጀኸው። አንደኛ፣ ከጠረጴዛው በግራ በኩል አስረኸዋል፤ ማነው በግራው የሚነዳ? ሁለተኛ፣ እንቅልፋም ነው፤ ትንሽ ቢነካኩት አይሰማም። ሲሰማም የተገላቢጦሽ ነው። ሌሎቹ ወደ ፊት ሲገፏቸው አፍንጫቸውን ይደፋሉ፣ ወደ ራስ ሲስቧቸው ሽቅብ ይነሳሉ። ይሄኛው ሲገፉት ይነሳል፣ ሲስቡት ይደፋል! ሳቄ መጣ። «አገኘሁህ ከድሬ፤ ይህ ለእኔ ያጠመድከው ነው» አልኩ። በመጨረሻ አንተም ቀልድ ለመድክ ብዬ ኮራሁብህ። ከዚያ ሁሉን ወደ መጀመሪያው መልስ የሚል የመሰለኝን ጽሑፍ ተጫንኩት። ገምቼ ነው፤ ግምቴ ልክ ነበር። ያበጀኸው በሙሉ ጠፋ። እጀታውንም ፈትቼ በቀኝ በኩል አሰርኩትና ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሳይመጣ በሩ ጨለመ። አባባ ናቸው። የገበያ ቀን ነበር። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። እማ ልካቸው ይሆናል ብዬ ብድግ ስል አልፈውኝ ሄደው ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባባ፣ ከድር! «ከመሬት ሳይነሳ በረርኩ የሚል ልጅ ወለድኩ» እያሉ በሰው ፊት የሚቀልዱብህ አባባ! ግራ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰደዱ፤ ባዶ ሆነባቸው። ዞር ሲሉ ጠፍሩን በቀኝ አዩት። በቀኛቸው ያዙት። በሌላው እጃቸው የኮምፒውተሩን ማውዝ ነካ ነካ አድርገው ከዚያ ሁሉ አውሮፕላን መሀል አንበጣ መርጫዋን መረጡ። ሞተሩ ተነሳ።

አውሮፕላኗ ሜዳውን ሮጠች። አባባ ጎንበስ ብለው እጀታውን ወደ ፊት ገፉት፤ እሷ በአፍንጫዋ መሬቱን ወጋችው። ደገሙ፤ ደግማ ወጋች። ለቀቁት። ያኔ ፊታቸውን ብታየው፣ የቀብርህ ዕለት እንኳ እንዲያ አልሆኑም።

«እጁን አጠፋችሁት» አሉ። ከቀበርንህ ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። «ከድር ያበጀልኝን እጅ አጠፋችሁት።»

ለካ በየገበያ ቀኑ፣ እኔ የአንዱን ሰው አህያ ፈትቼ ከሌላው ሰው አህያ ጎን ሳስር ስውል፣ አንተ አባባን ታበር ነበር! እማ አታውቅ፣ እኔ አላውቅ። የዚህ ቤት ቀልደኛ እኔ ነኝ ብዬ ስንቀባረር ሽማግሌው ቀደሙኝ። ይህን ድንጋጤ በምን ልቻለው?

እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩና «አብሽሩ አባባ፣ እመልሰዋለሁ» አልኩ። እንዴት እንደሚመለስ ግን የማውቀው ነገር የለም። ያበጀው ሰው አፈር ውስጥ ነው። ያበጀህላቸውን ሰው ከመጠየቅ ሌላ ምን አለኝ?

መጀመሪያ ወደ ግራ መለስኩት። እንዴት ነው የሳትኩት? አባባ ዕድሜ ልካቸውን እርፉን በግራ፣ ጅራፉን በቀኝ ይዘው ነው ያረሱት። የመግፋቱን ነገር ስጠይቃቸው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዳገት ስትወጣ ወዴት ነው የምታዘነብለው?»

«ወደ ፊት።»

«ቁልቁለት ስትወርድስ?»

«ወደ ኋላ ነዋ።»

«ታዲያ! ይህን ነገር የሠሩት ሰዎች ሜዳ አገር የተወለዱ ናቸው። ከድር ነው ያስተካከለልኝ።»

እያነካካሁ የመግፋቱን አቅጣጫ ገለበጥኩት።

የቀረው እንቅልፋምነቱ ነበር። «አሁን ሳይነቃነቁ ይያዙልኝ» አልኳቸው። ያዙት። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ግን አልቆም አለች፤ ትርገበገባለች። ገመዱ ላልቶ ነው ብዬ ጠበቅ አደረግኩት፤ ገመዱ ምንም አልሆነም። ቀና ስል እጃቸውን አየሁ።

ከድር፣ የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ባንድ ማዕድ እየበላሁ፣ ውሃ እያስታጠብኳቸው፣ አላየሁም። አንተ አይተህ ኖሯል። አይተህም ለማንም ሳትናገር፣ እሳቸውንም ሳታሳፍር፣ መንቀጥቀጡን እንዳይሰማ ጆይስቲኩን አደንቁረኸዋል። እኔ እንቅልፋም እያልኩ ስስቅበት! እንቅልፋምነቱን ትንሽ ጨመርኩለት፤ መስመሯ አሁንም ትርገበገባለች። ደግሞ ትንሽ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እሷ ቀጥ ብላ የቆመችበት ስደርስ አቆምኩ። አንተ ያቆምክበት ቦታ መሆኑን ያወቅኩት አባባ በረጅሙ ሲተነፍሱ ነው።

ገፉ። ተነሳች። ልጆቹ እንደ ጎል ጮሁ።

አባባ ከተማዋን ዞረው ወደ ማሳችን አቀኑ። «አንበጣው ሲመጣ በነጠላ ነበር ያባረርነው። መርጫዋ አውሮፕላን ወደ ሌላ ቀበሌ አለፈች፤ እኛ ጋ አልዞረችም» እያሉ ዝቅ ብለው ማሳውን ረጩት። አፋቸው ተከፈተልኝ ብዬ ደስታዬን ሳልጨርስ «ከድር ያለበትን አሳየኝ» አሉ።

እኔም መራኋቸው። መስጊዱን አልፈን የመቃብር ቦታው ጋ ደረስን። ያንተ መቃብር የለም፤ ሣር ብቻ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው መሬት ከሰማይ ፎቶ የተነሳው አንተ በሕይወት ሳለህ ነው። ይሰበሩብኛል ብዬ እየፈራሁ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። አንድ ዙር ዞሩ።

«ታዲያ በዚህኛው መሬት ላይ የት ነው ያለው?» አሉ።

የጌም ቤቱን ቆርቆሮ በጣቴ አሳየኋቸው። ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ጣሪያውን ሊነኩ እስኪደርሱ ዝቅ ብለው አለፉበት። ዞረው ደግመው አለፉበት።

«ሥራ ላይ ነው፤ አንረብሸው» አሉና ሽቅብ ገፉ።

ያን ዕለት እራት ላይ «ሽንኩርቱ በዝቷል» አሉ። እማ ከመደንገጧ የተነሳ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። አሁን ከጎረቤት በሬዎቹን ተቀብለዋል። ጫማቸውንም አቀያይሬ ሞከርኳቸው፤ በጫማው አባረሩኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

በገበያ ቀን ያ ወንበር የእሳቸው ነው፤ ልጆቹም አውቀውታል። ጠፍሩን ማንም አይነካም። እኔ ብቻ አንዳንዴ ስትናፍቀኝ በግራ እጄ እይዘዋለሁ፤ ያ ያቆምክበት ቦታ ከእጄ እንዳይጠፋ። ብዙ ነገር አስታውሳለሁ ብልህ አስተማሪዎቼ ሁሉ ይስቁብሃል፤ ይህን ግን እስከምመጣ ይዤልሃለሁ። ስለ ሌሎቹ እጀታዎች ቃል አልገባም። ትናንት የጦር አውሮፕላኑን ከፔዳሉ ጋር አጋብቼ ልጆቹን አስለቅሻቸዋለሁ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። እዚያ ክንፍ ከሰጡህ፣ መጀመሪያ ወደ ፊት ገፍተህ ሞክረው።

ወንድምህ ሙሄ